የጠገበ ኩሬ

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ወይ መርዶ ነው ወይ ምጥ። ጋሼ ግን ያሉኝ ሌላ ነው፤ «ዓሦቼ አፋቸውን ከፍተው ውሃ ላይ ተሰልፈዋል። መርዝ ያደረገብኝ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ቶሎ ድረስ።»

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ። ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ከጓሮ አትክልቱ ሥር፣ 8 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ፣ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ኩሬ አስቆፍረው ጥቁር የጂኦሜምብሬን ላስቲክ አንጥፈውበታል። ለአትክልቱ ውሃ፣ ለቤቱ ደግሞ ቆሮሶ ይወጣዋል ብለው ነው።

ስደርስ በባትሪ እያበሩ ዳሩ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ውሃው ተፈጭቶ የተበጠበጠ ጎመን መስሏል። ዓሦቹ አንድም ሳይቀሩ ወደ ላይ ወጥተው፣ ከንፈራቸውን ከውሃው ገጽ ጋር አጣብቀው አየር ይምጋሉ፤ ከጸጥታው የተነሳ የከንፈራቸው ድምፅ ይሰማል። ሰው ሲቀርባቸው እንኳ አይሸሹም።

«ባልዲ ያምጡልኝ» አልኳቸው። ለአንድ ሰዓት ያህል ከኩሬው እየቀዳን፣ ባልዲውን ትከሻችን ድረስ ከፍ እያደረግን መልሰን እዚያው ኩሬ ውስጥ ደፋነው። በአጥር ቀዳዳ የሚያዩን ልጆች ሳቁብን። የቀዱትን መልሶ መድፋት የእብድ ሥራ ይመስላል፤ ግን ከከፍታ የሚወድቅ ውሃ አየር ይዞ ይገባል፤ ዓሦቹ ያጡትም እሱን ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ወጥታ ሞቅ ስትል አንድ በአንድ ወደ ታች ሰመጡ። የሞቱት አራት ናቸው።

መርዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ኩሬው ጠግቦ ነው።

ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት «ዋቅላሚ» ይሉታል፤ እኔ የዓሣ አርቢዎቹን ቃል ይዤ አልጌ እላለሁ። አልጌ እንደማንኛውም ቅጠል ቀን በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኦክስጅን ይለቃል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ተትረፍርፎ ይገኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ማምረቱ ያበቃል፤ መተንፈሱ ግን አያቆምም። አልጌውም፣ ዓሣውም፣ ታች ዝቃጩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ጎተራ ይበላሉ። ጎተራው የሚራቆተው ልክ ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ስለዚህ ኩሬዎን ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ የሚጎበኙ ከሆነ ችግሩን ጨርሶ ላያዩት ይችላሉ። ጋሼም ያዩት በአጋጣሚ፣ ለኪዳን ሊሄዱ ማልደው ሲወጡ ነው። ቀኑን ሙሉ ዳመና ሆኖ ሲውል ደግሞ ይብሳል፤ ጎተራው ሳይሞላ ይመሻልና።

ጋሼ ይህንን ከሰሙ በኋላ ያሉት ሰው ሁሉ የሚለውን ነው፤ «እንግዲያው አልጌውን ከነዘሩ እናጥፋው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። አረንጓዴ ውሃ ሁሉ የታመመ ውሃ አይደለም። ለቢሾፍቱ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ መሆን አልነበረበትም፤ ከከተማው አቅራቢያ ካሉት የእሳተ ገሞራ ሐይቆች አንዱ ስሙ ራሱ አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ስሙን ያወጣለት ቀለሙ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ደግሞ ስፒሩሊና የሚባለው፣ ሌላ አገር ደርቆና ተፈጭቶ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ረቂቅ ፍጥረት ነው። ቆሮሶም ቢሆን በሐይቆቻችን ውስጥ ካደገ በኋላ አብዛኛው ቀለቡ አልጌ ነው። ጥርት ያለ ኩሬ ውስጥ ቆሮሶ ማርባት ሣር በሌለው መስክ ላይ በግ እንደማሰማራት ነው። እንዲያውም ውሃው ከልክ በላይ ሲጠራ ብርሃኑ እስከ ታች ስለሚዘልቅ ክር የሚመስለው አልጌ ከወለሉ ይነሳል፤ እሱ ደግሞ የባሰ ራስ ምታት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው አልጌ አለ ወይስ የለም ሳይሆን ምን ያህል አለ የሚል ነው። ለዚህ መለኪያ አለ፤ ዋጋውም ምንም ነው። እ.ኤ.አ. በ1865 አንጄሎ ሴኪ የሚባል ኢጣሊያዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ የሮማውን ጳጳስ መርከብ ተሳፍሮ፣ ነጭ ሰሃን በገመድ እያንጠለጠለ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይሰድ ነበር። ሰሃኑ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ይመዘግባል። የዛሬዎቹ የሐይቅ ተመራማሪዎች ያ ሁሉ መሣሪያ እያላቸው አሁንም ይህንኑ ያደርጋሉ። እኛ የተጠቀምንበት የአንድ አሮጌ ባልዲ ነጭ ክዳን ነው። መሐሉን በሚስማር በስተን ገመድ አሳለፍን፤ ከሥሩ ድንጋይ አሰርን፤ ገመዱን በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቋጠርነው። ለዓሣ ኩሬ ክዳኑ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢሰወር ጥሩ ነው። ከ20 በታች ከሆነ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ የለም። የጋሼ ኩሬ በዚያ ቀን የሰጠን 14 ነው። ክዳን ያጣ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ያጥልቅ፤ መዳፉ ገና ከግማሽ ክንዱ በፊት ከጠፋበት መልሱን አግኝቷል።

ከመጠኑ ቀጥሎ ዓይነቱ ነው። ብዙ ሰው ውሃ ላይ የበቀለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ያያል። ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ አልጌ አይደለም፤ ሥርና ቅጠል፣ አበባም ያለው ተክል ነው። ምስር የምታክል ቅጠል እየሆነች ውሃውን የምትሸፍነዋም እንደዚሁ ተክል ናት። አልጌን ለመለየት ቀጭን እንጨት ውሃው ውስጥ ነክሮ ማውጣት ይበቃል። እንጨቱ ላይ እንደ እርጥብ ፀጉር የሚጠቀለል ነገር ከመጣ ክር አልጌ ነው፤ አስቀያሚ እንጂ ክፉ አይደለም፤ ዳር ዳሩን ሲይዝ ግን የወባ ትንኝ እጭ ይደበቅበታል። እንጨቱ ንጹሕ ሆኖ ውሃው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ተንሳፋፊው፣ ዓሣ የሚበላው ዓይነት ሊሆን ይችላል። እንጨቱ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተነከረ መስሎ ከወጣ ግን እጅዎን ይሰብስቡ።

ይኸኛው ሳይኖባክቴሪያ ነው፤ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌም ይሉታል፤ በወጉ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። አረንጓዴ ሐይቅን ያቀለመው ስፒሩሊናም የዚሁ ወገን ነው፤ ከዘመዶቹ መካከል ግን ጉበትና ነርቭ የሚጎዳ መርዝ የሚሠሩ አሉ። ቆቃ ግድብ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ማይክሮሲስቲስ አንዱ ነው። ለማረጋገጥ ጥርት ያለ የመስታወት ማሰሮ ወይም የማር ብርጭቆ ሦስት አራተኛውን ከኩሬው ሞልተው ሳይነቀንቁ ያሳድሩት። ሳይኖባክቴሪያ ሕዋሱ ውስጥ የአየር ከረጢት ስላለው ሌሊቱን ወደ ላይ ወጥቶ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ሠርቶ ያድራል። ሌላው አልጌ ይዘቅጣል ወይም ተበታትኖ ይቀራል። ቀለበት ካዩ ከዚያ ውሃ ሰው አይጠጣ፣ ከብትም ውሻም አይጠጣ። «ብናፈላውስ?» የሚል አይጠፋም። ማፍላት ተሕዋሱን ይገድላል፤ መርዙን ግን አያጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ይባስ ያጠነክረዋል።

የጋሼ ማሰሮ ቀለበት አልሠራም። እፎይ አልን።

አሁን ወደ ዋናው እንመጣለን። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት አንድ ትንሽ ሐይቅ መረጡ። ሐይቁ ስም እንኳ የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው፤ 226። ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ሐይቅ ነው። ወገቡን በመጋረጃ ዘግተው ለሁለት ከፈሉትና በሁለቱም በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በአንደኛው በኩል ብቻ ፎስፈረስ አከሉበት። ከአውሮፕላን የተነሳውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ግማሹ ሐይቅ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግማሹ እንደ ቀለም የተደፋበት አረንጓዴ፣ መሐላቸው ቀጭን መስመር። በዚያን ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ከሳሙና ውስጥ ፎስፌት ይውጣ አይውጣ የሚል ከባድ ክርክር ነበር። ያ ፎቶግራፍ ከብዙ ንግግር የበለጠ ሠራ።

ነገሩ የማብሰያ ልክ ጉዳይ ነው። አልጌ ሰውነቱን ሲሠራ ለአንድ ፎስፈረስ አቶም 16 ናይትሮጅንና 106 ካርቦን ገደማ ይወስዳል። ካርቦን ከአየር ይመጣል፤ ናይትሮጅንንም ቢሆን አንዳንዱ ሳይኖባክቴሪያ ራሱ ከአየር ይቀዳዋል። ፎስፈረስ ግን በአየር አይመጣም ማለት ይቻላል፤ በውሃና በአፈር፣ በእበትና በሰው እጅ ነው የሚገባው። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሞ ሊቆጣጠሩት የሚቻለው እሱን ነው።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ደብተርና እስክሪብቶ አወጡ። አስተማሪ ናቸውና ያለ ቁጥር አያምኑም። ከኩሬው በላይ ያለው የጎመን መደብ ላይ ባለፈው ሰሞን ማዳበሪያ በትነው ነበር፤ በማግስቱ ዝናብ ዘነበ። እንግዲህ ከዚያ ውስጥ አንድ እፍኝ፣ 100 ግራም ያህል ኤንፒኤስ ኩሬው ውስጥ ገብቷል እንበል። ከረጢቱ ላይ 19፣ 38፣ 7 የሚል አለ፤ 38ቱ ፎስፌቱ ነው፤ ንጹሕ ፎስፈረሱ ሲሰላ ወደ 16 ግራም ተኩል ይመጣል። ኩሬው 60 ሺህ ሊትር ይይዛል። ሲካፈል በሊትር 275 ማይክሮግራም። የሐይቅ ባለሙያዎች በሊትር ከ35 ማይክሮግራም ያለፈውን ውሃ የበለጸገ ይሉታል፤ ከ100 ያለፈውን ከልክ ያለፈ። አንዲት እፍኝ ብቻዋን ልኩን ሁለት እጥፍ ከግማሽ አልፋዋለች። ያ ፎስፈረስ በሙሉ ወደ አልጌ ቢለወጥ ደግሞ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ደረቅ አልጌ ይወጣዋል፤ ከነውሃው 20 ኪሎ ገደማ። ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ኩሬውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እሺ፣ ማዳበሪያው ገባኝ» አሉ። «ግን እኮ ከዚያ በፊትም አረንጓዴ ነበር።»

ግቢውን ዞርን። ይህ ዙረት ከምንም ዓይነት መድኃኒት ይበልጣል፤ ኩሬ ያለው ሰው ሁሉ በዓመት አንዴ እንኳ ቢያደርገው እመክራለሁ። የበረቱ ፍሳሽ ቦይ ዘወር ብሎ ወደ ኩሬው ያዘነብላል። ልብስ የሚታጠበው ዳሩ ላይ ነው፤ የዱቄት ሳሙናው አረፋ ወደየት እንደሚሄድ ማንም አስቦት አያውቅም። ሁለት ዳክዬዎች ቀኑን ሙሉ እዚያው ናቸው፤ የሚበሉት ሌላ ቦታ፣ የሚጥሉት ውሃው ላይ። የዓሦቹ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ በጣሳ ይደፋል፤ የተረፈው ይሰምጣል። ዓሣ ከበላው ፎስፈረስም ሥጋው ውስጥ የሚያስቀረው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ተመልሶ ውሃው ውስጥ ነው። በመጨረሻ እትዬ፣ የጋሼ ባለቤት፣ እያመነቱ ተናገሩ። ጠላ በጠመቁ ቁጥር አተላውን የሚደፉት እዚያ ኖሯል። «ላሚቱ አተላ ስትበላ ታምርባታለች፤ ዓሣውም ያምርበታል ብዬ ነው እኮ ልጄ።»

ጋሼ ሊቆጡ አሰቡና ተዉት። እሳቸውስ ማዳበሪያውን በትነው የለ?

በነገራችን ላይ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ፣ በሌሎችም ክልሎች በየገበሬው ጓሮ የቤተሰብ ኩሬ ይቆፈር በነበረበት ዘመን ከኩሬው መግቢያ ላይ ትንሽ የደለል ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እንዲኖር ይመከር ነበር። ብዙ ሰው ጉድጓዷን እንደ ትርፍ ሥራ አይቶ ዘለላት። ጋሼም ዘለዋታል። ፎስፈረስ የሚጓዘው ግን በአብዛኛው የአፈር ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ነው፤ ደለሉን ያስቀረ ሰው ፎስፈረሱንም አስቀረ ማለት ነው።

ስለ መድኃኒት ሳልናገር ባልፍ አንባቢ አይለቀኝም። የመጀመሪያው ኮፐር ሰልፌት ነው፤ ያ የሚያምር ሰማያዊ የመዳብ ጨው። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ሁለት ሠራተኞች፣ ሙርና ኬለርማን፣ እ.ኤ.አ. በ1904 አልጌ እንደሚገድል ካሳወቁ ወዲህ በየአገሩ የውሃ ግድብ ሲረጭ ኖሯል። ይገድላል፤ ጥርጥር የለውም። እኔም ከዓመታት በፊት የራሴ ኩሬ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሁለት ቀን ውሃው እንደ መስተዋት ጠራ፤ ሰው ጠርቼ አሳየሁ። በአራተኛው ቀን ሸተተ። በአምስተኛው ጠዋት ዓሦቹ በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። የሞተው አልጌ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጠርጎ በልቶታል። መዳቡ ራሱም፣ በተለይ ለስላሳ ውሃ ላይ፣ ለዓሣ መርዝ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኩሬው ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ፤ የበሰበሰው አልጌ ፎስፈረሱን ለሚቀጥለው ትውልድ አውርሶ ነበርና። መዳቡ ደግሞ ዝቃጩ ውስጥ ቀረ፤ መዳብ አይበሰብስም።

ከዓሣ የከፋም አለ። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ ፓልም ደሴት ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጠጥ ውሃ ግድቡ አልጌ በዝቶበት ኮፐር ሰልፌት ተጨመረበት። በቀናት ውስጥ 148 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነሱ 138ቱ ልጆች ነበሩ፤ ጉበታቸውና አንጀታቸው ተጎዳ። በኋላ ምክንያቱ ሲፈተሽ ጣት የተቀሰረው ሳይኖባክቴሪያው ላይ ነው። መድኃኒቱ ሕዋሶቹን ሲያፈርሳቸው በውስጣቸው ይዘውት የነበረውን መርዝ ውሃው ውስጥ ለቀውታል። ማሰሮው ላይ ቀለበት ያየ ሰው ኮፐር ሰልፌት እንዳይነካ የምለው ለዚህ ነው። ቀለበት ላላየም ቢሆን ምክሬ ያው ነው። አልጌን ማስራብ እንጂ መግደል አያዋጣም።

ሁለተኛው የገብስ ጭድ ነው፤ ይህንን እኔም መጀመሪያ የባልቴት ወሬ መስሎኝ ነበር። በእንግሊዝ አገር ቼስተርፊልድ በሚባል ቦይ ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል፤ ውሃ ውስጥ እየበሰበሰ ያለ የገብስ ጭድ አዲስ አልጌ እንዳይበቅል ያፍናል የሚል። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ግን አልተስማሙም፤ አንዱ ጋ ይሠራል፣ ሌላው ጋ ምንም። ቢሠራም ያለውን አልጌ አይገድልም፤ ገና የሚመጣውን ነው የሚከለክለው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሜትር ካሬ ገጽ ከ10 እስከ 50 ግራም። የጋሼ ኩሬ 40 ሜትር ካሬ ስለሆነ አንድ ኪሎ ጭድ ይበቃዋል። ላላ አድርገን የሽንኩርት መረብ ጆንያ ውስጥ ከተትነውና ባዶ ጀሪካን አስረንበት እንዲንሳፈፍ አደረግን። ጭድ አብዝቶ ማጨቅ ራሱ ኦክስጅን ይበላል። ሠራ? ክዳኑ ከጊዜ በኋላ ጠለቅ ማለቱ እርግጥ ነው፤ ግን በዚያው ሰሞን አተላውም፣ ዳክዬዎቹም፣ ሳሙናውም ቆመዋል። ምስጋናውን ለጭዱ ብቻ ልስጥ ብል ጋሼ በሒሳብ ይይዙኛል።

ሜሪላንድ ያለው የጋሼ ወንድም በስልክ «ዩቪ መብራት ያለው ፓምፕ ግዛ» ብሏቸዋል። እሱ ጓሮ ውስጥ ቀይና ነጭ የጌጥ ዓሣ ያለበት ትንሽ ኩሬ ስላለው ያውቃል። እውነቱን ነው፤ ውሃው በመብራቱ አጠገብ ሲያልፍ ተንሳፋፊው አልጌ ይሞትና ውሃው ይጠራል። ግን ክር አልጌውን አይነካውም፤ ፎስፈረሱም እዚያው ነው። መብራት የሚጠፋ ቀን ደግሞ አለ።

«እንዶድስ?» አሉ እትዬ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል ተገነዘበ። ግን ቀንድ አውጣ የገደለው ዓሣም ይገድላል። ለአልጌ የተሰጠ መድኃኒት አይደለም፤ ዓሣ ካለበት ኩሬ ይራቅ። የሽፈራው ፍሬ ሌላ ነው፤ ተወቅጦ ሲገባ በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ሁሉ አሰባስቦ ያዘቅጣል። ለባልዲ ውሃ ግሩም ነው። ለ60 ሺህ ሊትር ግን ስንት ዛፍ ሊበቃን? የዘቀጠውም ቢሆን ከኩሬው አልወጣም።

ከሁሉም የወደድኩት ጥላው ነው። ፀሐይ ያላየ አልጌ አይበዛም። ጋሼ በአካባቢው የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን ጥቁር ሼድ ኔት ገዝተው የኩሬውን ግማሽ ያህል አለበሱት፤ በሌላው ጫፍ በሽቦ ላይ ፓሽን ፍሩት አወጡ። የውሃው ትነትም አብሮ ቀነሰ። ኩሬው ጫፍ ላይ ትልቅ ዛፍ መትከል ግን አይሻልም፤ የሚረግፈው ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል። በላይኛው በኩል፣ በጎመኑና በኩሬው መካከል፣ ሁለት ረድፍ ቬቲቨር ሣር ተተከለ፤ ጎርፉ አፈሩን እዚያ እንዲጥል።

ክር አልጌው ዳር ዳሩን ሲይዝ በሬክ እየጠቀለልን አወጣነው። ዳር ላይ ክምር አድርጎ መተው ከንቱ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ጭማቂው ይመለሳል። ወስደን የብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። ከኩሬው የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ አልጌ ፎስፈረሱን ይዞ ነው የሚወጣው። አረንጓዴውን ውሃ በባልዲ ለጎመኑ ማጠጣትም እንዲሁ ነው። ከኩሬው ሲታይ ዕዳ መክፈል ነው፤ ከጎመኑ ሲታይ ደመወዝ።

ግንቦት ላይ ውሃው ሲጎድል ዋናው ሥራ መጣ። አራት ዓመት የተጠራቀመ ዝቃጭ ታች ተኝቷል፤ ስንነካው እንደ ባሩድ ጥቁር፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት። ከላይ የሚገባውን ሁሉ ብንዘጋም ይህ ታች ያለው ኦክስጅን ባጣ ቁጥር ያከማቸውን ፎስፈረስ ወደ ውሃው ይመልሳል፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ሁሉን አድርጌ ምንም አልተለወጠም» የሚለው። ዓሦቹን በበርሜል አቆየን። ዶማና አካፋ ከግቢው እንዲወጣ አደረግን፤ ላስቲኩ አንዴ ከተቀደደ ኩሬ የለምና። ሁለት ወጣቶች ባዶ እግራቸውን ገብተው በላስቲክ ሳፋና በሰሃን እየጨለፉ አወጡት፤ ሁለት ቀን ፈጀ። ጭቃው የተዘረጋው ጎመን መደቡ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጋሼ ማዳበሪያ አልገዙም።

ከዚያ ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ የከረመውን የግቢ እበትና አቧራ ሁሉ ጠርጎ የሚሄድ ነው፤ ኩሬ ያለው ሰው ውሃ አገኘሁ ብሎ እሱን ቢያስገባ ያንን ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት ያፈርሳል። ጋሼ መግቢያው ላይ አዲሷን የደለል ጉድጓድ ቆፍረዋል፤ ከእሷ በፊት ደግሞ ቦዩን የምትዘጋ አንዲት ጣውላ አደረጉ። ሁለቱን የመጀመሪያ ዝናቦች ወደ ሜዳ አሳለፏቸው። ሦስተኛው ሲመጣ ጣውላውን አንስተው ዣንጥላ ይዘው ቆሙ፤ ውሃው ጉድጓዷን ሞልቶ፣ ረግቶ፣ ጠርቶ ገባ።

መስከረም ላይ ሄድኩ። ጋሼ ክዳኑን እያንጠለጠሉ ቋጠሮ ይቆጥራሉ፤ 37 ሳንቲ ሜትር፤ ደብተራቸው ላይ ጻፉት። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ዓሦቹ ከታች ሲገለባበጡ ጀርባቸው ብልጭ ይላል። እትዬ ለበዓሉ ጠላ ጠምቀው ኖሮ የአተላውን ባልዲ ይዘው ከጓዳ ወጡ። እግራቸው እንደ ልማዱ ወደ ኩሬው ወሰዳቸው፤ ዳሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ እኛን አዩንና ሳቅ ብለው ዞረው ፓፓያው ሥር ደፉት።